የሊድስ ዩናይትድ ውድቀት

የሊድስ ዩናይትድ ውድቀት የእንግሊዙ እግር ኳስ ክለብ እ.ኤ.አ. በ2001 ከደረሰበት የአውሮፓ ሻምፒዮንስ ሊግ ግማሽ ፍጻሜ ተነስቶ በ2007 ወደ ሦስተኛው የሊግ እርከን የወረደበት ሂደት ነው። ዋና መንስኤው ገና ባልተገኘ ገቢ ላይ ተመሥርቶ የተፈጸመ የተጫዋቾች ግዢ ነበር።

መነሻ

በሊቀ መንበሩ ፒተር ሪድስዴል ዘመን ክለቡ ወደፊት ከስታዲየም መግቢያ ትኬት የሚያገኘውን ገቢ አስይዞ 60 ሚሊዮን ፓውንድ ተበደረ። በ2000 ተከላካዩን ሪዮ ፈርዲናንድን በ18 ሚሊዮን ፓውንድ ገዛ። አጥቂዎቹ ሮቢ ኪን እና ሮቢ ፎውለርም ተከተሉ። ዕቅዱ የሚሠራው ክለቡ በየዓመቱ ሻምፒዮንስ ሊግ ከገባ ብቻ ነበር። ነገር ግን በ2001 4ኛ፣ በ2002 ደግሞ 5ኛ ሆኖ ጨረሰ፤ ሁለቱንም ጊዜ ተሳትፎው ያመለጠው በአንድ ደረጃ ልዩነት ነው።

ሽያጭ

ፈርዲናንድ በ2002 ለማንቸስተር ዩናይትድ በትርፍ ቢሸጥም ገንዘቡ ቡድኑን መልሶ ለመገንባት ሳይሆን ዕዳውን ለማቃለል ዋለ። በ12 ሚሊዮን ፓውንድ የተገዛው ኪን ለቶተንሃም በ7 ሚሊዮን ተሸጠ። ክለቡ ለመሸጥ መገደዱን ገዢዎች ስለሚያውቁ ዋጋው ወረደ። ፎውለር ወደ ማንቸስተር ሲቲ ከሄደ በኋላም ሊድስ ከደመወዙ ከፊሉን መክፈሉን ቀጠለ።

ውጤት

ክለቡ በ2004 ከፕሪምየር ሊግ ወረደ፤ በዚያው ዓመት ስታዲየሙን ኤላንድ ሮድን ሸጠ። በ2007 ዕዳውን መክፈል ተስኖት ለገለልተኛ አስተዳዳሪዎች ሲሰጥ 10 ነጥብ ተቀነሰበት፤ ወደ ሦስተኛው እርከንም ወረደ። ወደ ፕሪምየር ሊግ የተመለሰው በ2020፣ ከ16 ዓመት በኋላ ነው።