ለባር ሚጽቫና ለባት ሚጽቫ ምን ስጦታ ይሰጣል?

ልጆች 7ኛ ክፍል በገቡ ቁጥር በሥራ ቦታም በሠፈርም አንድ ጥያቄ ይቀርብልኛል። አንዱ «ልጄ ከክፍል ጓደኛው የባር ሚጽቫ ጥሪ መጥቶለታል፤ ስንት ይሰጣል?» ይላል። ሌላዋ «የወንድሜ ልጅ 13 ሊሞላው ነው፤ ምን ልግዛለት?» ትላለች። በፔታ ቲክቫ በማኅበራዊ ሠራተኛነት ከብዙ ቤተሰቦች ጋር ስለምገናኝ ያየሁትን እነሆ።

በአገራችን ይህ ድግስ አልነበረም። ወንድ ልጅ በ8ኛው ቀን ይገረዛል፤ ከዚያ በኋላ ትልቁ ድግስ ሠርጉ ነው። ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ወንዱን በ40፣ ሴቷን በ80 ቀን ክርስትና ያስነሡ ነበር፤ እኛ ዘንድ በ12 ወይም በ13 ዓመት ስጦታ የሚቀበል ልጅ ግን አልነበረም። አባቴ «የ13 ዓመት ልጅ ስጦታው ሞፈርና ቀንበር ነበር» እያሉ ይቀልዳሉ። ስለዚህ ብዙ አያቶች በልጅ ልጃቸው በዓል ላይ እንደ እንግዳ ጥግ ይዘው ይቀመጣሉ። ስጦታ ስንመርጥ ይህንንም ብናስብበት ጥሩ ነው።

በሕጉ መሠረት ሴት ልጅ በ12፣ ወንድ ልጅ በ13 ዓመት፣ በዕብራይስጥ አቆጣጠር፣ ትእዛዛትን የመጠበቅ ግዴታ ይገባቸዋል። ወንዱ ወደ ኦሪት ንባብ ይጠራል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ትፊሊን ስለሚያስር የወላጆች ወይም የአያቶች የተለመደ ስጦታ ትፊሊን ነው። በኢትዮጵያ አባቶቻችን ትፊሊን አያውቁም ነበርና ብዙዎቻችን ስንገዛ እንታለላለን። ዋናው ነገር ያማረው ሳጥን ሳይሆን በውስጡ ያለው ብራና ነው። ከኦሪት ዘጸአትና ከኦሪት ዘዳግም የተወሰዱ 4 ክፍሎች በጸሐፊ እጅ ይጻፉበታል፤ አንዲት ፊደል ከጎደለች ትፊሊኑ አይሠራም። ዋጋው ከሺህ ሼቄል ስለሚያልፍ በጣም ርካሽ ሲሏችሁ ጠርጥሩ። ከመግዛታችሁ በፊት ልጁ የሚጸልይበትን ምኩራብ ረቢ ጠይቁ፤ የአሽከናዝና የስፋራድ አጻጻፍና አስተሳሰር ይለያያልና። ልጁ ግራኝ ከሆነ ለሻጩ ንገሩ፤ ግራኝ በቀኝ እጁ ስለሚያስር ለእሱ የሚሆነው ሌላ ነው። ከበዓሉ ቢያንስ አንድ ወር ቀድሞ ቢገዛ ልጁ ይለማመድበታል። በበጋ ፀሐይ መኪና ውስጥ አትተዉት። ታሊትም ቢሆን ሳትጠይቁ አትግዙ፤ አንዳንድ አሽከናዞች ከጋብቻ በፊት አይለብሱትም።

ለሴት ልጅ የሸባት መቅረዝ፣ ስሟ የተጻፈበት ሐብል፣ ጥሩ መጽሐፍ ይሰጣል። የሐበሻ ቀሚስ ለማሰፋት ለምታስቡ አክስቶች አንድ ምክር አለኝ። በ12 ዓመቷ ያሰፋችሁላት ቀሚስ በ13 ዓመቷ ያጥራታል፤ ነጠላ ግን ዕድሜዋን ሙሉ ትለብሰዋለች፣ ለስግድም ይሆናታል።

ከዘመድ ውጭ ለሆነ ጥሪ ገንዘብ ወይም ቼክ በፖስታ መስጠት ነው ልማዱ። ብዙዎች በ18 የሚካፈል ቁጥር ይመርጣሉ፦ 180፣ 360። «ሐይ» ማለትም ሕያው የሚለው ቃል ፊደሎቹ ሔት 8፣ ዩድ 10 ሆነው 18 ስለሚሞሉ ነው። ግዴታ ግን አይደለም፤ አቅማችሁን አትለፉ። ለክፍል ጓደኛ ብዙ ጊዜ ልጆቹ አዋጥተው አንድ ስጦታ ስለሚሰጡ የወላጆች ኮሚቴውን ጠይቁ። በሸባት ምኩራብ የምትሄዱ ከሆነ ገንዘብ ይዛችሁ አትሂዱ። በዚያን ቀን ከረሜላ ይወረወራል፣ ፖስታው ለድግሱ ይቆያል።

አሁን የሚያስጨንቀኝ ጉዳይ ላይ ልምጣ። አንዲት እናት የአዳራሹን ዕዳ «በሚመጣው ፖስታ እከፍላለሁ» ብላ ተዋዋለች። ፖስታው ዕዳውን አልሸፈነም፤ ባንክ ሚኑስ ገባች። ከሁሉም የባሰው ግን ልጁ «ስጦታዬ የት ገባ?» ብሎ ለሳምንታት አለማናገሩ ነበር። በእኔ አስተያየት ልጁ እውነት አለው፤ እናትየዋም ክፉ አስባ አይደለም። ገንዘቡ ለድግሱ የሚውል ከሆነ ለልጁ ቀድሞ ይነገረው፤ ካልሆነ ግን ድግሱ ይነስ፣ ገንዘቡም በልጁ ስም ባንክ ይቀመጥ። ወላጆች ደግሞ ሌላ ስጦታ መስጠት ይችላሉ። ቢቱዋሕ ሌኡሚ ከጥር 2017 ጀምሮ ለእያንዳንዱ ልጅ የቁጠባ ሂሳብ ከፍቶ በየወሩ ያስገባል፤ ሲጀመር 50 ሼቄል ነበር፣ በኋላ ከፍ ብሏል። ወላጅ ከጠየቀ ከልጆች አበል ላይ ተመሳሳይ መጠን ተቀንሶ እስከ 18 ዓመት ይጨመርለታል። ሴቷ 12፣ ወንዱ 13 ሲሞላው ደግሞ ተጨማሪ ገንዘብ ይገባለታል።

ሌላው ስጦታ ምንም አያስወጣም። ሽማግሌዎቻችን ዘመዳሞች እንዳይጋቡ እስከ ሰባት ትውልድ ይቆጥራሉ። እነዚያን ሰባት ስሞች ከየመንደሩ ስም ጋር ጻፉለት። በ7ኛ ክፍል «አቮዳት ሾራሺም» የሚባል የቤተሰብ ታሪክ ሥራ ስለሚሰጥ ልጁ ወዲያው ይጠቀምበታል። ብዙዎቻችን ስንመጣ የአያታችን ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ ስለተመዘገበ ያ ስም ማን እንደነበረ የማያውቅ ልጅ ብዙ ነው። በሱዳን መንገድ የቀረ ዘመድ ካለም ስሙ ይጻፍ፤ በ2007 በሄርጽል ተራራ ለእነሱ መታሰቢያ ቆሟል። አያት መጻፍ ካልቻሉ በስልክ ይቀዱና ታላቅ እህት ትጻፈው። ይህን ሳታደርጉ አያት ቢያልፉ ከማን ትጠይቃላችሁ?

በድግሱ ላይ ወረቀቱን አያት ራሳቸው በእጃቸው ይስጡት፣ ቄስ ካሉም ይመርቁት። አምስት ደቂቃ ይበቃል። ዲጄውን ግን አስቀድማችሁ ንገሩት፤ ካልተነገረው ሙዚቃውን አያቆምም።