የመስክ መኪና ሞተር ለምን ይፈላል? ማቀዝቀዣውስ እንዴት ይሻሻላል?

ባሕር ዳር፦ ከጣና ሐይቅ ዳርቻ ተነስቶ በወረታ በኩል ወደ ደብረ ታቦር የሚወጣ መኪና ወደ 40 ኪሎ ሜትር በሚሆን ዳገት ብቻ 900 ሜትር ያህል ከፍታ ይጨምራል። በዚህ መንገድ ወላድ እናት የጫነ አምቡላንስ፣ ክትባት ወይም ምርጥ ዘር የያዘ ላንድ ክሩዘር፣ እህል ለገበያ የሚያደርስ ፒክአፕ ይመላለሳል። የሞተሩ ሙቀት መለኪያ ቀስት ወደ ቀዩ መስመር ሲጠጋ አሽከርካሪው ያለው ምርጫ ሁለት ነው፤ ቆሞ ማስቀዝቀዝ ወይም ቴስታታውን ለአደጋ አጋልጦ መቀጠል። ሁለቱም ዋጋ ያስከፍላሉ። በአምቡላንስ ላይ ሲሆን ደግሞ ዋጋው በገንዘብ የሚተመን አይደለም።

ማንኛውም የነዳጅ ሞተር ከሚያቃጥለው ነዳጅ ኃይል ጎማ ላይ የሚደርሰው ጥቂቱ ነው። ሲሶ የሚጠጋው በጭስ ማውጫ ይወጣል፤ ሌላው ሲሶ ገደማ ደግሞ በሞተሩ አካል ውስጥ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ይህን ሙቀት ከሲሊንደሮቹ ዙሪያ ለቅሞ ወደ ራዲያተር የሚያደርሰው ውሃ ነው። ዋተር ፓምፑ ውሃውን ይገፋል፣ ቴርሞስታቱ መንገዱን ይከፍታል ይዘጋል፣ ፋኑ አየር ይስባል፣ ራዲያተሩ ሙቀቱን ለአየር ያስረክባል። ዛሬ በየመኪናው አፍንጫ ላይ የሚታየው የራዲያተር ቅርጽ መሠረቱ ጀርመናዊው መሐንዲስ ቪልሄልም ማይባህ እ.ኤ.አ. በ1901 በወጣው መርሴዲስ ላይ የገጠመው የማር እንጀራ መሰል ራዲያተር ነው። ከዚያ በፊት የነበሩ መኪናዎች ውሃውን እያፈሉ በእንፋሎት ያባክኑ ስለነበር በየመንገዱ ውሃ መቅዳት ግድ ነበር።

በአማራ ክልል ደጋና ወይና ደጋ የሚሠራ መኪና ከባሕር ጠረፍ መኪና የሚለይበት ነገር አለ። የጣና ሐይቅ ወለል ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,786 ሜትር ገደማ ነው። በዚህ ከፍታ ክፍት ድስት ላይ የተጣደ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ94 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው። ደብረ ታቦር ላይ ወደ 91 ይወርዳል። አየሩም ይሳሳል፤ ባሕር ዳር ላይ ፋኑ በአንድ ዙር የሚስበው አየር ክብደት በባሕር ጠረፍ ከሚስበው በ16 ከመቶ ያህል ያንሳል። ሙቀቱን ተሸክሞ የሚሄደው የአየሩ ክብደት ነውና ይህ ቀላል ልዩነት አይደለም። ተርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተር ደግሞ ራሱ በቂ አየር አያገኝም፤ ጉልበቱ ይቀንሳል፣ ጥቁር ጭስ ያበዛል፣ አሽከርካሪውም ማርሽ እየቀነሰ ሞተሩን ያስጮኸዋል።

እንግዲህ የራዲያተር ክዳን ጉዳይ እዚህ ላይ ይመጣል። ብዙዎች ክዳኑን ውሃ እንዳይፈስ የሚከለክል ቡሽ አድርገው ያዩታል። ሥራው ግን ግፊት መያዝ ነው። 0.9 ባር የሚል ጽሑፍ ያለበት ጤነኛ ክዳን ባሕር ዳር ላይ የውሃውን የመፍያ ነጥብ ከ94 ወደ 115 ዲግሪ ገደማ ያሳድገዋል። አብዛኞቹ የናፍጣ ሞተር ቴርሞስታቶች ከ76 እስከ 88 ዲግሪ ባለው ልክ መከፈት ይጀምራሉ፤ ሙሉ በሙሉ የሚከፈቱት ግን 10 ዲግሪ ያህል አልፈው ነው። ጎማው የደረቀ፣ ስፕሪንጉ የላላ ክዳን ያለበት መኪና ሌላው ሁሉ ጤነኛ ሆኖ ሳለ በተለመደው የሥራ ሙቀቱ ሊፈላ ይችላል ማለት ነው። በዝቅተኛ ዋጋ የሚገኘው ክዳን ሳይፈተሽ በብዙ እጥፍ ዋጋ አዲስ ራዲያተር የሚገዛበት አጋጣሚ ግን ጥቂት አይደለም። በሌላ በኩል ከፋብሪካው ልክ በላይ ግፊት የሚይዝ ክዳን መግጠም ያረጁ ቱቦዎችንና የማሞቂያ መስመሮችን ያፈነዳል።

ስለዚህ ከማሻሻል በፊት መመርመር ይቀድማል። ምርመራውን ለመጀመር የሚያስፈልገው ትኩረት ብቻ ነው። መኪናው የሚሞቀው ቆሞ ሲሠራ ወይም በዝግታ ጭቃ ውስጥ ሲታገል ከሆነና አስፋልት ላይ ሲፈጥን ከቀዘቀዘ፣ ጥርጣሬው በፋኑ፣ በቺንጋውና በፋን ክላቹ ላይ ይወድቃል። በተቃራኒው ቆሞ ጤነኛ ሆኖ በፍጥነትና በዳገት ከሞቀ፣ ራዲያተሩ በውስጥ ወይም በውጭ ተደፍኗል፣ አለያም ዋተር ፓምፑ በቂ ውሃ አይገፋም። ሞተሩ ሳይሞቅ ክዳኑ ተከፍቶ ሲነሳ ያለማቋረጥ አረፋ የሚወጣ ከሆነ ደግሞ ጭስ ወደ ውሃው መስመር እየገባ ሊሆን ይችላል፤ ይህ የቴስታታ ጋስኬት መቃጠል ምልክት ነውና በምንም ዓይነት ራዲያተር አይድንም።

ምርመራው ካለቀ በኋላ ከሁሉ ርካሹ ማሻሻያ በፋኑ ዙሪያ የሚገጠመውን ከለላ መመለስ ነው። ፋኑ አየር የሚስበው በራዲያተሩ ሙሉ ገጽ እንዲሆን የሚያደርገው ይህ ፕላስቲክ ወይም ላሜራ ነው። ጋራዥ ውስጥ አንድ ጊዜ ለጥገና ይፈታል፣ ይሰነጠቃል፣ «ያለሱም ይሄዳል» ተብሎ ይጣላል። ያለ ከለላ ፋኑ ከፊት በራዲያተሩ በኩል ከሚስበው ይልቅ ከጎንና ከኋላ የሞተሩን ትኩስ አየር መልሶ ያዞራል። ዋናው ዕቃ ካልተገኘ ብረት ሠሪ ከስስ ላሜራ ቆርጦ ሊሠራው ይችላል። ልኩ ይህ ነው፦ የፋኑ ምላጭ ውፍረት ግማሹ ከለላው ውስጥ፣ ግማሹ ውጭ መዋል አለበት፤ በምላጩ ጫፍና በከለላው መካከልም ሞተሩ ሲርገበገብ እንዳይነካካ ከሁለት ሳንቲ ሜትር የማይበልጥ ክፍተት ይተዋል። በራዲያተሩ ጎንና ጎን ያለውን ክፍተት በጎማ መድፈንም እንዲሁ ብዙ ይረዳል።

ቀጥሎ የሚመጣው ፋን ክላች ነው። እንደ ላንድ ክሩዘር 70 ባሉ መኪናዎች ፋኑ ከዋተር ፓምፑ ጋር የተያያዘው በወፍራም የሲሊኮን ዘይት በተሞላ ክላች ነው። ዘይቱ በዓመታት ይደክማል ወይም ይፈስሳል፤ ያኔ ፋኑ ይዞራል እንጂ አይስብም። ብዙ የቶዮታ ክላቾች ተፈተው ዘይታቸው ሊቀየር ይችላል፤ ዘይቱ በ3,000፣ በ6,000 እና በ10,000 የውፍረት መጠን ይሸጣል። በሞቃት አካባቢና በዳገት ለሚሠራ መኪና ወፈር ያለውን መምረጥ ፋኑን ያጠነክራል፤ ድምፁ ይጨምራል፣ ነዳጅም ጥቂት ይበላል። ሙቅ ሞተር ጠፍቶ ፋኑን በእጅ ሲያሽከረክሩት ያለ ተቃውሞ ብዙ ዙር ከዞረ ክላቹ ሞቷል።

የመካኒካል ፋኑን አውጥቶ የኤሌክትሪክ ፋን መግጠም በከተማ የሚወደድ ማሻሻያ ነው። ለትንሽ መኪና ደግ ሊሆን ይችላል። ጭነት ለሚጎትት ትልቅ የናፍጣ ሞተር ግን አብዛኛዎቹ የገበያ ፋኖች የዋናውን ያህል አየር አይስቡም፤ ዲናሞውንና ገመዱንም ያስጨንቃሉ። አንድ መልካም ጎን አላቸው፤ ወንዝ ሲሻገሩ በማብሪያ ማጥፊያ ሊጠፉ ይችላሉ። ክረምት ላይ የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው የፎገራን ሜዳ ሲያለብሱት በውሃ ውስጥ የሚያልፍ መኪና የሚዞር ፋኑ ውሃውን ሲመታ ምላጮቹ ወደፊት ታጥፈው ራዲያተሩን ሊበሱት ይችላሉ። የመካኒካል ፋን ያለው አሽከርካሪ የመኪናውን አፍንጫ በሸራ ሸፍኖ፣ በዝግታና ሳይቆም ቢያልፍ ይሻላል፤ ሸራውን ማዶ ሲደርስ ማንሳት እንዳይረሳ እንጂ።

ራዲያተሩን ራሱን መለወጥ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ በመሆኑ ምርጫው መታሰብ አለበት። መዳብ ሙቀትን ከአልሙኒየም በተሻለ ያስተላልፋል፤ አልሙኒየም ደግሞ ቀላል ነው፣ ቱቦዎቹም ሰፋፊ ስለሚሠሩ ጥሩ ተደርጎ የተሠራ የአልሙኒየም ራዲያተር ከመዳቡ ላያንስ ይችላል። ከጣና ዳር ሲታይ ግን ሌላ ጥያቄ አለ፦ ሲበሳ ማን ይጠግነዋል? የመዳብና የናስ ራዲያተር በየከተማው ያለ ጠጋኝ በስታኞ ይደፍነዋል፣ ጫፉን ፈትቶ ቱቦዎቹን በዘንግ ይጠርጋል፣ በሁለት ረድፍ ቱቦ ምትክ ሦስት ወይም አራት ረድፍ ያለው ሆድ ሊቀይርለት ይችላል። የፕላስቲክ ጫፍ ያለው የአልሙኒየም ራዲያተር ሲሰነጠቅ ብዙ ጊዜ የሚጣል ነው። ከዋና ከተማ ርቆ ለሚሠራ የመስክ መኪና መዳቡ አሁንም የተሻለ ዋስትና ነው። ረድፍ ሲጨመር ግን ክንፎቹ ከልክ በላይ የተጠጋጉ እንዳይሆኑ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። የፎገራና የደንቢያ ዋልካ አፈር፣ የጤፍ ገለባና የሳር ፍሬ በጠባብ ክንፎች መካከል ገብቶ ከደረቀ ጡብ ይሆናል። ክንፎቹ የሚታጠቡት ከሞተሩ በኩል ወደ ውጭ፣ በቀስታ በሚወርድ ውሃ ነው፤ የላቫጆ ከፍተኛ ግፊት ክንፎቹን አጣሞ መንገዱን ለዘለቄታው ይዘጋዋል።

ውስጥ የሚገባው ውሃ ከራዲያተሩ አይተናነስም። የሐይቅና የወንዝ ውሃ ደለል አለበት፤ የጉድጓድ ውሃ ደግሞ በጀበናና በማንቆርቆሪያ ውስጥ እንደሚታየው ዓይነት ነጭ ቅርፊት በቱቦዎቹ ውስጥ ይጋግራል። የተጣራ ውሃ ከኩላንት ጋር ቀላቅሎ መጠቀም ይገባል። በአካባቢው ሞተር የሚሰነጥቅ ውርጭ ብርቅ ቢሆንም ኩላንቱ ዝገትን ይከላከላል፣ የመፍያ ነጥቡንም ከፍ ያደርጋል። መጠኑ ከሲሶ እስከ ግማሽ ነው፤ ከዚያ በላይ ማብዛት ጉዳት አለው፣ ኩላንት ብቻውን ከውሃ ያነሰ ሙቀት ነውና የሚሸከመው። የወጣው አሮጌ ኩላንት ጣፋጭና መርዛማ ስለሆነ ውሻም ሆነ ከብት ከሚደርስበት፣ ወደ ሐይቁም ከሚወርድ ቦይ መራቅ አለበት።

በጋራዦች ዘንድ ሥር የሰደደ አንድ ልማድ አለ፤ ሞተር ሲሞቅ ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል። በአንዳንድ ሞተሮች ላይ ለጊዜው የሠራ ይመስላል። በብዙ የቶዮታ ሞተሮች ግን ቴርሞስታቱ ሲከፈት በሌላኛው ጫፉ ውሃው ራዲያተሩን ሳይነካ የሚመለስበትን አቋራጭ ይዘጋል። እርሱ ከሌለ አቋራጩ ሁልጊዜ ክፍት ነው፤ የሙቁ ውሃ ከፊል ሳይቀዘቅዝ ወደ ሞተሩ ይመለሳል፣ በዳገትም ይብሳል። ጠዋት ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ ስለሚሠራ የሲሊንደር መበላትና የነዳጅ ብክነት ይከተላል። አዲሱ ቴርሞስታት ከመገጠሙ በፊት በሙቅ ውሃ ድስት ውስጥ ተከትቶ ሲከፈት ማየት ይቻላል።

ሌላው ብዙም የማይወራለት ማሻሻያ የሙቀት መለኪያ ነው። በብዙ መኪናዎች ክሩስኮት ላይ ያለው ቀስት በሰፊ የሙቀት ልዩነት ውስጥ መሐል ላይ እንዲቆም ተደርጎ የተሠራ ነው፤ ሲነሳ ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው። ውሃው ጨርሶ ከፈሰሰ ደግሞ ሴንሰሩ አየር ላይ ስለሚቀር ቀስቱ ሊወርድ ይችላል። በቁጥር የሚያሳይ ተጨማሪ መለኪያና ውሃ ሲጎድል የሚጮህ ማንቂያ መግጠም ከአንድ ቴስታታ ጥገና እጅግ ይረክሳል። ፊት ለፊት የሚደረደሩ ትልልቅ መብራቶችና ወፍራም የብረት መከላከያዎች ግን የራዲያተሩን አየር ይሰርቃሉና ለጌጥ ሲባል ባይበዙ ይመረጣል።

ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ያለው የዓባይ በረሃ መንገድ የማቀዝቀዣ ሥርዓት የሚፈተንበት ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የተመረቀው የህዳሴ ድልድይ የሚገኝበት የሸለቆው ግርጌ ከሁለቱ አፋፎች 1,400 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ በሞቃት አየር ውስጥ ነው፤ ዳገቱ የሚጀመረውም ከዚያ ነው። ልምድ ያለው አሽከርካሪ ኤሲውን ያጠፋል፣ ማርሽ ቀንሶ ሞተሩን በመካከለኛ ዙር ይይዛል፣ ቀስቱ ሲነሳ የቤቱን ማሞቂያ ይከፍታል፤ ማሞቂያው ራሱ ትንሽ ራዲያተር ነውና። ካቆመ ቺንጋው ያልተበጠሰና ውሃው ያልፈሰሰ እንደሆነ ሞተሩን ወዲያው አያጠፋም፣ ጥቂት ደቂቃ በዝግታ ያሠራዋል። ክዳኑን ሙቅ እያለ መክፈት ፊትና እጅን ያቃጥላል። ቀዝቃዛ ውሃ በጋለ ሞተር ላይ ማፍሰስም ቴስታታውን ይሰነጥቃል።

ይህ ሁሉ ለትራክተርና ለኮምባይነር ባለቤትም ይሠራል፤ እንዲያውም ይብሳል። ትራክተር ቀኑን ሙሉ በሙሉ ጉልበት፣ በሰው እርምጃ ፍጥነት፣ በራሱ ጎማ በሚነሳ አቧራና ገለባ ውስጥ ይሠራል፤ ከንፋስ የሚያገኘው እርዳታ የለም። በራዲያተሩ ፊት የወባ አጎበር ከሚያህል ጨርቅ ሳይሆን ሁለት ሚሊ ሜትር ገደማ ቀዳዳ ካለው የሽቦ ወንፊት የተሠራ፣ በእጅ የሚወጣ መከለያ ማድረግና በአጨዳ ወቅት ነዳጅ በተሞላ ቁጥር አውጥቶ ማራገፍ ይበቃዋል።