ዜድ የት ላይ ትገባለች?

እ.ኤ.አ. በ1960 የቺካጎው ዋይት ሶክስ ለጨዋታ ወደ ኒውዮርክ ተጓዘ። ከቡድኑ ተጫዋቾች አንዱ የሆነው ግዙፉ ቴድ ክሉዘውስኪ ማሊያውን ለብሶ ሜዳ ሲገባ ጀርባው ላይ የተሰፋው ስም ጉድ የሚያሰኝ ነበር። "ዜድ" የምትባለው ፊደል ግራና ቀኟ ተገልብጦ ተሰፍታለች። ሁለተኛዋ "ኬ" ጭራሽ የለችም፤ በቦታዋ "ኤክስ" ገብታለች። ክሉዘውስኪም በአሜሪካ ከፍተኛው የቤዝቦል ሊግ ታሪክ ስሙ በስህተት ተጽፎበት የተጫወተ የመጀመሪያው ሰው ሆኖ ተመዘገበ።

የመጀመሪያው መሆኑ አያስገርምም። በማሊያ ጀርባ ላይ ስም መጻፍ ራሱ የተጀመረው በዚያው ዓመት፣ በዚያው ቡድን ነው። ከዚያ በፊት ማሊያ ላይ የሚታየው ቁጥር ብቻ ነበር። ኒውዮርክ ያንኪስ በ1929 ለተጫዋቾቹ ቁጥር ሲሰጥ የአመታታቸውን ተራ ተከትሎ ነው፤ ቤብ ሩት ሦስተኛ መቺ ስለነበረ 3 ቁጥርን፣ ሉ ጌሪግ አራተኛ ስለነበረ 4 ቁጥርን ለበሱ። ቁጥሩ የማን እንደሆነ ማወቅ የፈለገ ተመልካች በስታዲየሙ የሚሸጠውን የተጫዋቾች ዝርዝር ይገዛል። የዋይት ሶክሱ ባለቤት ቢል ቬክ ግን ቤቱ ተቀምጦ ጨዋታውን በቴሌቪዥን የሚከታተለውን ሰው አሰበና ስሙን ከቁጥሩ በላይ አሰፋው።

የተሳሳተው ስም የአንድ ስሙ ያልታወቀ ጀማሪ ስም አልነበረም። ክሉዘውስኪ በ1954 ለሲንሲናቲ ሲጫወት 49 ሆም ረን (ከሜዳው አጥር ያለፈ ምት) መትቶ ከከፍተኛው ሊግ ሁለት ዘርፎች አንዱ በሆነው በናሽናል ሊግ ቀዳሚ ነበር። በዚያ የውድድር ዘመን ኳሷን ስቶ "ስትራይክ አውት" የተባለው 35 ጊዜ ብቻ ነው። ኃይለኛ መቺዎች አብዛኛውን ጊዜ ከሚመቱት ሆም ረን ይልቅ የሚስቱት ይበዛልና ይህ እስከ ዛሬ የሚያስደንቅ ውጤት ነው። ክንዱ ከመደንደኑ የተነሳ የማሊያው እጅጌ ቢያስቸግረው በመቀስ ቆርጦ ጥሎ፣ ትከሻው ድረስ ተራቁቶ ይጫወት ነበር። በ1959 ደግሞ ለዋይት ሶክስ ተሰልፎ በዓመቱ የፍጻሜ ፍልሚያ፣ በወርልድ ሲሪስ፣ ሦስት ሆም ረን መታ። ይህን ሁሉ ያደረገ ሰው ስም ከመሰፋቱ በፊት ዝርዝሩን አንዴ ማየት ይገባ ነበር።

የእንዲህ ያሉ አስቸጋሪ ስሞች ፈተና ግን ከማሊያው ቀድሞ በጋዜጣ ነው የጀመረው። እንግሊዝ አገር ተወልዶ በልጅነቱ ብሩክሊን የገባው ጋዜጠኛ ሄንሪ ቻድዊክ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ የጨዋታን ውጤት በትንሽ ሰንጠረዥ መዝግቦ የማቅረብን ልማድ አስፋፋ። ሰንጠረዡ ስንት ጊዜ እንደ መታ፣ ስንት ነጥብ እንዳስቆጠረ፣ ስንት ስህተት እንደ ሠራ እያለ የእያንዳንዱን ተጫዋች ሥራ በአንድ መስመር ያሳያል። ዋጋው ትልቅ ነው፤ ጨዋታውን ያላየ ሰው ሰንጠረዡን አንብቦ የሆነውን ዋና ዋና ነገር ማወቅ ይችላል። ችግሩ የጋዜጣው ዓምድ ጠባብነት ነው። ስሙና ቁጥሮቹ ሁሉ በአንድ መስመር መግባት አለባቸው። "ሩት" ወይም "ኮብ" የሚል አጭር ስም ፊደል ለቃሚውን አያስቸግረውም። አሥርና አሥራ አንድ ፊደል ያለው የፖላንድ ወይም የክሮኤሺያ ስም ሲመጣ ግን ፊደል ለቃሚው አናባቢዎቹን እየነቀለ በቦታቸው ትንሿን የአፖስትሮፍ ጭረት ያደርጋል፤ አንባቢውም የቀሩትን ፊደላት ይዞ የጎደሉትን ከራሱ ያሟላል።

ይህ ጠባብ ዓምድ የአንድን ሰው ስም ለዘለቄታው ለውጧል። በ1919 በኦሪገኗ ፖርትላንድ ከክሮኤሺያ ስደተኞች የተወለደው ልጅ ስሙ ጆን ማይክል ፓቬስኮቪች ነበር። የከተማው የስፖርት ጸሐፊዎች ስሙ ከሰንጠረዡ አልገባ ሲላቸው "ፔስኪ" ብለው አሳጠሩት። ልጁ አድጎ የቦስተን ሬድ ሶክስ ተጫዋች ሆነ። መሀል ላይ ለሁለተኛው የዓለም ጦርነት የባሕር ኃይልን ተቀላቅሎ የተመለሰ ቢሆንም በመጀመሪያዎቹ ሦስት የውድድር ዘመኖቹ እያንዳንዱ ዓመት ከ200 በላይ ኳስ በተሳካ ሁኔታ መትቷል። በ1947 በሕግ ፊት ቀርቦ ስሙን ፔስኪ አስባለ። ዛሬ በቦስተኑ ፌንዌይ ፓርክ በቀኝ በኩል የቆመው ቢጫ ምሰሶ የሚጠራው በዚሁ ስም ነው፤ ስያሜው በ2006 በይፋ ጸድቋል። የአባቱ ስም ግን በስታዲየሙ የለም።

ሌሎች ደግሞ ስማቸውን ራሳቸው ለወጡ። የሚልዋኪው ልጅ አሎይስ ሺማንስኪ የስሙን አጻጻፍ ሲያበላሹበት ስለሰለቸው፣ እንደሚተረከው ከአንድ የብረታ ብረት ዕቃ መሸጫ ማስታወቂያ ላይ "ሲመንስ" የሚል ስም አንሥቶ የራሱ አደረገ። አል ሲመንስ ተብሎ በ1953 ከቤዝቦል ታላላቆች ጋር በኩፐርስታውን የዝና አዳራሽ ገባ። ስታን ኮቨሌስኪ ደግሞ በፔንሲልቬኒያ የድንጋይ ከሰል አገር፣ በሻሞኪን፣ ኮቫሌቭስኪ ተብሎ ነው የተወለደው። በ12 ዓመቱ ማዕድን ማውጫ ገብቶ እየሠራ፣ ማታ ማታ በቆርቆሮ ላይ ድንጋይ እያነጣጠረ ነው ውርወራ የተማረው። በ1920 ክሊቭላንድ ወርልድ ሲሪስን ሲያሸንፍ ሦስቱን ጨዋታ ኳስ ወርዋሪ ሆኖ ያሸነፈው እሱ ነው። በዘመኑ የነበሩ ጋዜጦችና መዝገቦች በስሙ መጨረሻ ላይ አንድ የማይገባ "ኢ" ይጨምሩ ነበር፤ እሱም ሳያርማቸው ዘመኑን ጨረሰ። የከሰል ሠራተኛ ልጅ ሜዳ ላይ መቆየትን እንጂ ከጸሐፊዎች ጋር ስለ አንዲት ፊደል መከራከርን አልመረጠም፤ ሊፈረድበት አይገባም።

እዚህ ላይ አንድ የቆየ ተረት ማረም ያስፈልጋል። ፊላደልፊያ አትሌቲክስን ከ1901 እስከ 1950 ድረስ ለ50 ዓመታት ያሰለጠነው ኮኒ ማክ የተወለደበት ስም ኮርኔሊየስ ማክጊሊከዲ ነው። ብዙዎች ስሙ ያጠረው ከውጤት ሰንጠረዥ አልገባ ስላለ ነው ይላሉ። እውነቱ ግን የአየርላንድ ስደተኛ የሆኑት ቤተሰቦቹ እሱ ኳስ ሳይነካ በፊትም በዕለት ተዕለት ኑሯቸው "ማክ" እየተባሉ ይጠሩ እንደነበር ነው። ጋዜጣው የፔስኪን ስም ቆርጧል፤ የማክን ግን አልቆረጠም።

ሁሉንም ስሞች የሚያስከነዳው የካርል ያስትረምስኪ ስም ነው። ፊደላቱ 11 ናቸው፦ ዋይ፣ ኤ፣ ኤስ፣ ቲ፣ አር፣ ዜድ፣ ኢ፣ ኤም፣ ኤስ፣ ኬ፣ አይ። ተንኮሏ ያለችው ስድስተኛ ቦታ ላይ በተቀመጠችው ዜድ ነው። በፖላንድ ቋንቋ አር እና ዜድ ተከታትለው ሲጻፉ ሁለቱ አንድ ላይ አንድ ድምፅ ይሰጣሉ። አሜሪካ ሲደርሱ ሰው አሯን ይዞ ዜዷን ዋጣት፤ ስለዚህ ጆሮ የማይሰማትን ፊደል እጅ መጻፍ አለበት። በዚህ ላይ የሕዝብ የቁልምጫ ስሙ መጣ። ቦስተን "ያዝ" እያለች ጠራችው፤ ይህም ሲጻፍ ዜድ ሦስተኛ ላይ ትወጣለች፤ በሙሉ ስሙ ግን ሦስተኛዋ ኤስ ናት። በቁልምጫው የለመደ ደጋፊ ሙሉ ስሙን ሊጽፍ ሲነሳ ዜዷን ያለ ቦታዋ ይሰካታል፤ ወይ ደግሞ ጭራሽ ይረሳታል።

የስሙ ባለቤት የሎንግ አይላንድ የድንች ገበሬ ልጅ ነው። ለሬድ ሶክስ ከ1961 እስከ 1983 ለ23 የውድድር ዘመን፣ ሌላ ማሊያ ሳይለብስ ተጫወተ። በ1967 በአማካይ የመምታት ውጤት፣ በሆም ረንና ባስገባው ነጥብ ከአሜሪካን ሊግ አንደኛ ወጥቶ "ትሪፕል ክራውን" የሚባለውን ሦስትዮሽ ዘውድ ወሰደ። ከእሱ በኋላ ይህን ዘውድ የደፋ ሰው እስኪገኝ፣ ሚጌል ካብሬራ በ2012 እስኪደግመው ድረስ፣ 45 ዓመት ፈጅቷል። ሬድ ሶክስ በሜዳው ሲጫወት በሚለብሰው ማሊያ ላይ ስም ስለማይጽፍ፣ በፌንዌይ ፓርክ ሕዝቡ በካርል ጀርባ ላይ ያየው 8 ቁጥርን ብቻ ነው። በ2019 የልጅ ልጁ ማይክ ለሳን ፍራንሲስኮ ጃይንትስ ተሰልፎ በዚያው በአያቱ ሜዳ ሆም ረን ሲመታ፣ ጋዜጠኞች ሁሉ 11ዱን ፊደል እንደገና መቁጠር ነበረባቸው።

እንግሊዝኛ የሚመስሉ ስሞችም ያሳስታሉ። ጂሚ ፎክስ ስሙ በሁለት ኤክስ ነው የሚጻፈው። የክሪስቲ ማቲውሰን የቤተሰብ ስም አንድ ቲ ብቻ አለው። ሮጀርስ ሆርንስቢ የመጀመሪያ ስሙ የእናቱ ቤተሰብ ስም ስለሆነ መጨረሻው ላይ ያለችው ኤስ አትነካም። የፈረንሳይ ካናዳውያን ልጅ የሆነውን የናፖሊዮን ላዡዋን ስም ደግሞ አጠራሩን እንኳ የሚስማማበት አልተገኘም፤ ደጋፊው "ናፕ" ብሎ ገላገለው፣ የክሊቭላንድ ቡድንም ለዓመታት በእሱ ስም "ናፕስ" ተባለ።

ከካሪቢያን የመጡት ተጫዋቾች የደረሰባቸው ግን ከፊደል ግድፈት ያለፈ ነው። በስፓኒሽ ተናጋሪዎች ዘንድ ሰው ከራሱ ስም ቀጥሎ የአባቱን፣ ከዚያ የእናቱን ቤተሰብ ስም ይይዛል። ከዶሚኒካን ሪፐብሊክ የመጣው ፌሊፔ ሮሃስ አሉ አባቱ ሮሃስ፣ እናቱ አሉ ናቸው። ያስፈረመው ሰው ይህን ስላላወቀ የመጨረሻውን ስም ወስዶ "ፌሊፔ አሉ" ብሎ መዘገበው። ወንድሞቹ ማቲና ሄሱስ ተከትለውት ሲመጡ እነሱም አሉ ተባሉ። በመስከረም 1963 ሦስቱ ወንድማማቾች ለጃይንትስ በአንድ ጨዋታ የሜዳውን የኋላ ክፍል ጎን ለጎን ቆመው ጠበቁ፤ በሊጉ ታሪክ ከዚያ በፊት ያልታየ ነገር ነው። በሦስቱም ስም ላይ አባታቸው አልነበሩም። የፌሊፔ ልጅ ሞይሴስም ታላቅ ተጫዋች ሲሆን የተጠራው በአያቱ በወይዘሮ ቨርጂንያ አሉ ስም ነው። ከራሱ ስም ቀጥሎ የአባቱን ስም ለሚጠራ ኢትዮጵያዊ አንባቢ የዚህ ስህተት ክብደት ማብራሪያ አያስፈልገውም።

በ1960 ከክሉዘውስኪ ጋር በዋይት ሶክስ የተሰለፈው ኩባዊው ሚኒ ሚንዮሶም ትውልዱ አሪየታ ነው። ሚንዮሶ ከእናቱ የሚወለዱ ታላላቅ ወንድሞቹ ስም ነበር፤ ሰው በዚያ ሲጠራው ተቀበለው። በስፓኒሽ ስሞች ፊደላት ላይ የሚደረገው የአነባበብ ምልክት ግን በሊጉ ማሊያዎች ላይ ለረጅም ጊዜ ሲቀር ኖሯል። ተጫዋቾቹ ጠይቀው ሊጉ በ2016 ዘመቻ እስኪጀምር ድረስ የብዙዎቹ ስም ጀርባቸው ላይ ያለ ምልክቱ ነበር የሚሰፋው።

የፖርቶ ሪኮው ልጅ የሮቤርቶ ክሌሜንቴ ታሪክ ግን ከሁሉም ይከብዳል። ፒትስበርግ ፓይሬትስን በ1960 እና በ1971 ለወርልድ ሲሪስ ድል ካበቁት አንዱ ነው። ስሙ ሮቤርቶ ሆኖ ሳለ ቶፕስ ኩባንያ በሚያትማቸው የተጫዋቾች ካርዶች ላይ ለዓመታት "ቦብ" ተብሎ ታተመ። ጋዜጠኞች የእንግሊዝኛ አነጋገሩን እንደሚሰማቸው እያጣመሙ ይጽፉት ነበር፤ ክሌሜንቴም በዚህ እንደሚቆጣ አልደበቀም። በታኅሣሥ 31 ቀን 1972 በመሬት መንቀጥቀጥ ለተጎዱ የኒካራጓ ሰዎች እርዳታ ይዞ ሲጓዝ አውሮፕላኑ ባሕር ላይ ወድቆ ሞተ። 38 ዓመቱ ነበር። በመጨረሻው የውድድር ዘመኑ ልክ 3,000ኛውን የተሳካ ምት መትቶ ነበር። የዝና አዳራሹ አምስት ዓመት የመጠበቅ ደንቡን ትቶ በ1973 አስገባው፤ ስሙንም በነሐስ ሰሌዳ ላይ አስቀረጸ።

ሰሌዳው ላይ የተቀረጸው "ሮቤርቶ ዎከር ክሌሜንቴ" የሚል ነው። ዎከር የእናቱ ቤተሰብ ስም ስለሆነ መጨረሻ ላይ መምጣት ነበረበት። አዳራሹ "ሮቤርቶ ክሌሜንቴ ዎከር" የሚል አዲስ ሰሌዳ ያስቀረጸው በ2000 ነው። ቤተሰቡን አንድ ጊዜ በመጠየቅ ሊታረም ይችል የነበረ ስም ለ27 ዓመታት ተሳስቶ መሰቀል አልነበረበትም።