የዱር አሳማ አደን በኬንያ፦ ከደን ዕውቀት እስከ ናይሮቢ ሕግ

ናይሮቢ የተቆረቆረችው እ.ኤ.አ. በ1899 ከሞምባሳ የተነሣው የባቡር ሐዲድ ከረግረጋማው ሜዳ በደረሰበት ጊዜ ነው። ብዙም ሳይቆይ የነጮች የአደን ጉዞ መናኸሪያ ሆነች፤ የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልትም በ1909 ወደ አገሪቱ ለአደን መጥተዋል። ከዚያ ዘመን የተላለፈው የአደን ታሪክ በአብዛኛው የአንበሳ፣ የዝሆንና የጎሽ ታሪክ ነው። የዱር አሳማ እንደ ክብር ግዳይ አልተቆጠረም። ይሁን እንጂ አሳማን ማን፣ በምን ዘዴ፣ ለምን ያድን እንደ ነበር መመርመር፣ የኬንያ የአደን ሕግ ማንን አዳኝ፣ ማንን ወንጀለኛ እንዳደረገ በግልጽ ያሳያል።

በኬንያ የሚታወቁት የዱር አሳማዎች በዋናነት ሦስት ሲሆኑ፣ እያንዳንዳቸው የተለየ የአደን ዘዴ ይጠይቃሉ። ከርከሮ ቀን በገላጣ ሜዳ ይውላል፤ ሌሊት ብዙ ጊዜ ሌላ እንስሳ በቆፈረው ጉድጓድ ያድራል። ወደ ጉድጓዱ የሚገባው በጀርባው ስለሆነ ክራንቻው ወደ ውጭ ይቀራል፤ ስለዚህ በአፉ በኩል የሚቀርበው ሰው ለአደጋ ይጋለጣል። የጫካ አሳማ ደግሞ ሌሊት በመንጋ ወጥቶ የእርሻ ሰብል ይቆፍራል። ሦስተኛው፣ ግዙፉ የደን አሳማ፣ ጥቅጥቅ ባለ ደጋማ ደን ይኖራል፤ የወንዱ ክብደት ከ200 ኪሎ ግራም ሊያልፍ ይችላል። ይህ እንስሳ በለመደው መንገድ ስለሚመላለስ፣ መንገዱን የሚያውቅ ሰው ነፋሱን ከፊቱ አድርጎ አድብቶ ሊጠብቀው ይችላል።

በማው ደን የሚኖሩት ኦጊየኮች ይህን ዕውቀት ከማር ቆረጣ ጋር አያይዘው ለትውልድ አስተላልፈዋል። ውሾች አሳማውን አሳድደው ሲያቆሙት አዳኙ በጦር ይወጋዋል፤ ፍላጻም ያገለግላል። በእንስሳው መተላለፊያ ላይ ጉድጓድ መቆፈርና ከባድ ግንድ የሚወድቅበት ወጥመድ መሥራትም የደን ሕዝቦች የተለመዱ ዘዴዎች ናቸው። በኪኩዩ ገበሬዎች ዘንድ ደግሞ በደን ዳር ጉድጓድ መቆፈር አዝመራን የመጠበቂያ ዘዴ ነበር። ለአንዱ ምግብ፣ ለሌላው የሰብል ጥበቃ የነበረው ይህ ሥራ ጥይትን አይጠይቅም ነበር፤ የሚጠይቀው ትዕግሥትንና የእንስሳውን ጠባይ ማወቅን ነው።

የሳይንሱ ዓለም ግዙፉን የደን አሳማ የተዋወቀው በ1904 ነው። የእንግሊዝ መኮንን የነበረው ሪቻርድ ማይነርትዝሃገን ከናንዲ ደን የላከውን ናሙና በለንደን ኦልድፊልድ ቶማስ መርምሮ ለእንስሳው በመኮንኑ ስም መጠሪያ ሰጠው። ያ መኮንን በ1905 የናንዲውን መሪ ኮይታሌል አራፕ ሳሞኤን የገደለው ነው። በደኑ የሚኖሩት ሰዎች እንስሳውን ያውቁት ነበር፤ በሳይንስ መዝገብ የገባው ግን የእነርሱ ስም አይደለም።

ሕጉም ይህንኑ መንገድ ተከተለ። በ1900 በለንደን የተፈረመው የአፍሪካ የዱር እንስሳት ጥበቃ ስምምነት በተሟላ መልኩ ሥራ ላይ ባይውልም፣ መረብና ጉድጓድ ወጥመድ እንዲገደቡ ያሳስብ ነበር፤ መንፈሱም በእንግሊዝ ቅኝ ግዛቶች የአደን ደንቦች ውስጥ ሰፍኗል። ፈቃድ ከፍሎ በጠመንጃ የሚያድን ሰው ስፖርተኛ ሲባል፣ ጉድጓድ የቆፈረው የደን ነዋሪ ሕገ ወጥ አዳኝ ተባለ። የናይሮቢ ብሔራዊ ፓርክ በ1946 ሲቋቋም ከርከሮው በከተማዪቱ ዳር ጥበቃ አገኘ። በ1977 የኬንያ መንግሥት አደንን በአገር አቀፍ ደረጃ ከለከለ፤ የ2013ቱ የዱር እንስሳት ሕግ ደግሞ ለዕለት ጉርስ የሚደረገውን አደን ጭምር ወንጀል አደረገ። የክልከላው ዓላማ እየተመናመነ የነበረውን የዱር ሀብት ማዳን ነበር፤ ሆኖም ሸክሙ ከከተማው ስፖርተኛ ይልቅ በአደን ይኖር በነበረው ሰው ላይ ከበደ።

ከሕጉ በፊትም ቢሆን አዳኞቹ ንቀት አልተለያቸውም። ማሳዮች ኦጊየኮችንና መሰሎቻቸውን የጠሩበት፣ በኋላ «ዶሮቦ» ሆኖ የተለመደው ስም፣ ከብት የሌለው ድኻ የሚል ትርጉም ነበረው። በኢትዮጵያም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል፤ በካፋ የሚኖሩ ማንጆዎች የዱር አሳማና ሌሎች እርኩስ የሚባሉ እንስሳትን ሥጋ ይበላሉ ተብለው ከማኅበራዊ ኑሮ ተገልለዋል። በሁለቱም አገሮች የሚበላው ሥጋ የበላተኛው ማዕረግ መለኪያ ሆኖ አገልግሏል።

ጉዳዩ ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም። በ2009 የኬንያ ደን አገልግሎት ኦጊየኮች ከማው ደን በ30 ቀን ውስጥ እንዲወጡ ማስጠንቀቂያ ሰጠ። አቤቱታቸው አሩሻ ለሚገኘው የአፍሪካ የሰውና የሕዝቦች መብቶች ፍርድ ቤት ቀረበ። ፍርድ ቤቱ በግንቦት 26 ቀን 2017 እ.ኤ.አ. ኦጊየኮች ነባር ሕዝብ መሆናቸውን ተቀብሎ፣ የደን ጥበቃ እነርሱን ለማፈናቀል በቂ ምክንያት እንደማይሆን ወሰነ፤ መንግሥት የባህል መብታቸውንና ከመሬታቸው ሀብት የመጠቀም መብታቸውን እንደ ጣሰም ፈረደ። በ2022 ደግሞ የ157.85 ሚሊዮን የኬንያ ሽልንግ ካሳ እንዲከፈላቸው አዘዘ። ሆኖም በ2023 መገባደጃ ከደኑ የማፈናቀል ዘመቻ እንደገና ተካሄደ።

አሳማውን በውሻና በጦር የማደን ጥበብ በደኑ ውስጥ የሚኖር ሕዝብ ዕውቀት ነው። ደኑ ተጠብቆ ሕዝቡ ከወጣ፣ የእንስሳውን መንገድ የሚያውቀው ሰው ከቦታው ይርቃል፤ ዕውቀቱም የሚማርበትን ስፍራ ያጣል። ስለዚህ የአሳማ አደን ታሪክ የሚያነሣው ጥያቄ እንስሳው ይገደል ወይስ ይጠበቅ የሚለው ብቻ አይደለም። ጥበቃውን ማን ይወስናል፣ ዋጋውንስ ማን ይከፍላል የሚለው ጥያቄም አብሮት ይነሣል።