ያልተወረሰ ሙያ፤ የጋፋት መድፍ ሠሪዎች ታሪክ

የጦር መሣሪያ ታሪክ ሲነገር ብዙውን ጊዜ የሚነገረው የተኳሹ ታሪክ ነው። ማን ወጋ፣ ማን ተወጋ፣ ማንስ ድል አደረገ የሚለው በዜና መዋዕልም በፉከራም ሰፊ ስፍራ ሲያገኝ፣ ነሐሱን ያቀለጠውና ወናፉን የነፋው እጅ ግን ከጭሱ በስተጀርባ ተሰውሮ ይቀራል። ከጉለሌ ወደ ፒያሳ ወርዶ የቸርችልን ጎዳና የያዘ መንገደኛ፣ በቴዎድሮስ አደባባይ ቆሞ የኖረውን የሴባስቶፖል አምሳያ ሲመለከት በኅሊናው የሚመጣው የመቅደላው ንጉሥ ነው፤ የጋፋት ሠራተኛ አይደለም። ይሁን እንጂ የዚያ መሣሪያ ዋና ቁም ነገር ያለው በተተኮሰበት ተራራ ላይ ሳይሆን በተሠራበት መንደር ውስጥ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከቋራው ካሣ ኃይሉ ሽንፈት ነው። ካሣ ገና ሳይነግሡ በ1840 ዓ.ም. ደባርቂ በተባለ ስፍራ ከግብፅ ጦር ጋር ገጠሙ። ጀግንነት ያልጎደለው የካሣ ሠራዊት በሥርዐት በተሰለፈና መድፍ ባጠመደ ጦር ፊት መቆም ሳይችል ቀረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ካሣ ሁለት ነገሮችን ከልባቸው አላወጡም፤ አንደኛው ሥርዐት ያለው ሠራዊት፣ ሁለተኛው መድፍ ነበር። በየካቲት 1847 ዓ.ም. በደረስጌ ማርያም ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ዘውድ ሲጭኑ ይህን ምኞት ከዘውዱ ጋር ይዘው ተነሡ። ሌሎች መሳፍንት ጠመንጃ ከባሕር በር ነጋዴ ሲሸምቱ፣ እሳቸው የፈለጉት መሣሪያውን ብቻ ሳይሆን መሣሪያውን የሚሠራውን እጅ ጭምር ነበር።

በዚያው ዘመን በስዊዘርላንድ በባዝል ከተማ አጠገብ የሚገኘው የቅዱስ ክሪሾና ተቋም፣ ወንጌልን ከእጅ ሥራ ጋር አዋሕደው የሚያስተምሩ ወጣቶችን ያሠለጥን ነበር። የኢየሩሳሌሙ ጳጳስ ሳሙኤል ጎባት ከእነዚህ ወጣቶች የመጀመሪያዎቹን በ1848 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ ላኩ። ፍላድ፣ ቤንደር፣ ማየርና ኪንዝለን ቀድመው ሲመጡ፣ ቴዎፍሎስ ቫልድማየርና ካርል ዛልሙለር ኋላ ተከተሏቸው። እንግዶቹ ያሰቡት መጽሐፍ ቅዱስ ሊያሠራጩ ነበር፤ ንጉሡ ያሰቡት ግን ሌላ ነበር። ከደብረ ታቦር ከተማ ጥቂት ራቅ ብላ በምትገኘው በጋፋት ኮረብታ ላይ አሰፈሯቸው፤ በቅሎና ፈረስ፣ የክብር ልብስም ሸለሟቸው። ቫልድማየር የእንግሊዛዊውን የሊቀ መኳስ ዮሐንስ ቤልን ልጅ ሱዛናን አግብቶ ከንጉሡ ወዳጅ ጋር ተዛመደ። ጋፋት በጥቂት ዓመታት ውስጥ መዶሻ የሚሰማባት የባለ እጆች መንደር ሆነች።

የመድፉ ሥራ ግን በፈቃድ የተጀመረ አልነበረም። ንጉሡ መድፍ ሥሩልኝ ባሉ ጊዜ ሚሲዮናውያኑ ይህ ሙያችን አይደለም ብለው መለሱ። መልሱ አልተወደደምና አሽከሮቻቸው እስኪታሰሩ ድረስ ግፊት ስለ ደረሰባቸው እንሞክር ማለት ግድ ሆነባቸው። አንድ ፈረንሳዊ ብረት አቅላጭ ያደረገው የመጀመሪያ ሙከራ ከሸፈ። ሌሎቹ ግን ምድጃውን እንደገና ሠርተው፣ ሸክላውን ለውጠው፣ ደጋግመው ሲሞክሩ በመጨረሻ ተሳካላቸው። ሚሲዮናዊ ያልነበሩ ባለ ሙያዎችም ነበሩ፤ ከእነዚህም ፈረንሳዊው ጠመንጃ ሠሪ ቡርጎና በመድፍ ማቅለጥ ስሙ የሚነሣው ትውልደ ፖላንዱ ሞሪትዝ ሃል ይገኛሉ። በሰላሙ ጊዜ እንኳ ሥራው መድፍ ብቻ አልነበረም፤ ሠረገላም ይሠራ፣ ሠረገላው የሚሄድበት መንገድም ይጠረግ ነበር። ንጉሡ ራሳቸው በመንገዱ ሥራ ላይ ድንጋይ በእጃቸው ያነሡ እንደ ነበር የዘመኑ የውጭ አገር ሰዎች መስክረዋል።

መድፍ ማፍሰስ እንዴት ያለ ሥራ እንደ ሆነ ማሰብ ይገባል። አስቀድሞ የመሣሪያው ቅርጽ በሸክላ ይበጃል፤ አፈሙዙ ክፍት ሆኖ እንዲቀር በመካከሉ ሌላ የሸክላ ምሰሶ ይቆማል። ሸክላው ፈጽሞ መድረቅ አለበት፤ ጥቂት እርጥበት ቢቀርበት የቀለጠው ነሐስ ሲነካው እንፋሎቱ ቅርጹን ይሰነጥቀዋል፣ አጠገቡ የቆመውንም ይፈጃል። መዳቡና ቆርቆሮው በልክ ተመጥኖ ይቀልጣል፤ ለትልቅ መሣሪያ የሚያስፈልገው ነሐስ ሁሉ በአንድ ጊዜ ቀልጦ ሳይቋረጥ መፍሰስ አለበት፤ ከተቋረጠ መሣሪያው በተኩስ ጊዜ በዚያው ስፍራ ይፈነዳል። ከዚያም ቀናት ይጠበቃል፣ ሸክላው ይሰበራል፣ ነሐሱ ይሞረዳል። እንዲህ ያለው ሥራ በጥቂት እንግዶች እጅ የሚፈጸም አይደለም። ከሰሉን ያከሰለ፣ ጭቃውን የረገጠ፣ ወናፉን የነፋ፣ ነሐሱን የተሸከመ ኢትዮጵያዊ ነበር። ንጉሡም ወጣቶች ከፈረንጆቹ እጅ ሥራውን እንዲማሩ አድርገዋል። ስለ ጋፋት የጻፉት የውጭ ሰዎች ግን የራሳቸውን ስም እየዘረዘሩ፣ እነዚህን በብዛት «ሠራተኞች» ብለው ብቻ አልፈዋቸዋል።

ጋፋትን በሚገባ ለመመዘን በዚያው ዘመን በሌላው ዓለም ከነበረው መሣሪያ ሠሪ ጋር ማስተያየት ይጠቅማል። የክሪሚያ ጦርነት በተካሄደበት በ1854 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር በኒውካስል ከተማ ዊሊያም አርምስትሮንግ የሚባል ሰው ነበር። ይህ ሰው የሕግ ሙያውን ትቶ ወደ ምሕንድስና የገባና ኤልስዊክ በተባለ ስፍራ በ1847 እ.ኤ.አ. በውሃ ግፊት የሚሠራ የዕቃ ማንሻ ማምረቻ ያቋቋመ ነበር። በጦርነቱ የእንግሊዝ ወታደሮች ከባድ መድፎቻቸውን ለማንቀሳቀስ ምን ያህል እንደ ተቸገሩ በሰማ ጊዜ፣ ቀላል ሆኖ ርቆ የሚመታ፣ ውስጡ ጠመዝማዛ ጎድጎድ ያለውና ከኋላ የሚጎርስ መድፍ ፈለሰፈ። በ1859 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብቱን ለመንግሥቱ አሳልፎ ሰጠ፤ መንግሥቱም «ሰር» የሚል ማዕረግ ሰጠው። ማምረቻው በሺህ የሚቆጠሩ ሠራተኞች የሚሠሩበት ታላቅ ድርጅት ሆነ።

ዐፄ ቴዎድሮስም ለታላቁ መሣሪያቸው የሰጡት ስም ከዚያው ጦርነት የመጣ ነው። ሴባስቶፖል በ1854 እና በ1855 እ.ኤ.አ. ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው የተከበበች የሩሲያ ወደብ ናት። እንግዲህ አንዱ ጦርነት በኒውካስል አንድ መድፍ፣ በደብረ ታቦር አካባቢ ሌላ መድፍ አስወለደ ማለት ይቻላል። ልዩነቱ የአእምሮ አልነበረም። ከአርምስትሮንግ በስተጀርባ የድንጋይ ከሰል ማዕድን፣ የባቡር ሐዲድ፣ በወረቀት የተነደፈ ፕላን፣ ደመወዝ የሚቆረጥለት ሠራተኛ፣ ፈጠራን የሚያስከብር ሕግ ነበረ። ከጋፋት በስተጀርባ የነበረው የአንድ ንጉሥ ፈቃድ ብቻ ነው።

ይህን ጉድለት ንጉሡ ራሳቸው ያውቁት ነበር። በጥቅምት 1855 ዓ.ም. ለእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ደብዳቤ ጽፈው መልስ አጡ። ቅሬታቸው በ1856 ዓ.ም. ቆንስል ካሜሮንን እስከ ማሰር አደረሳቸው። በ1858 ዓ.ም. ፍላድን ወደ እንግሊዝ ሲልኩም የጠየቁት ባለ ሙያና የመሥሪያ መሣሪያ ነበር። ባለ ሙያዎቹ ተቀጥረው እስከ ምጽዋ ድረስ መጡ፤ ነገር ግን እስረኞቹ ሳይፈቱ አይገቡም ስለ ተባለ ወደ አገራቸው ተመለሱ። ለማስተማር የተፈለገው ሰው በሰንሰለት ምክንያት ከደጃፍ ተመለሰ። የጋፋት መከራ ሁሉ በዚህ አንድ ነገር ይጠቃለላል፤ ሙያን በወዳጅነት ለማግኘት የተመኘው እጅ፣ በችኮላና በቁጣ ሰንሰለት ጨበጠ።

ከመቅደላው ጉዞ አስቀድሞ በነበሩት ወራት ሴባስቶፖል ፈሰሰ። አጭርና ሰፊ አፍ ያለው፣ አረሩን ወደ ላይ የሚወነጭፍ፣ ወደ 7 ቶን የሚመዝን የነሐስ ሞርታር ነበር። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ንጉሡ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ሲነሡ ይህን ሸክም በሠረገላ አስጭነው ተጓዙ። ሠረገላውን ለመጎተት በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች ያስፈልጉ ነበር። የጅዳንና የበሽሎን ገደል እየጠረቡ፣ መንገድ እያበጁ፣ ወራት ፈጅተው በመጋቢት ከመቅደላ ደረሱ። በዚያን ጊዜ ከምጽዋ በስተደቡብ ከዙላ ተነሥቶ የመጣው የጄኔራል ሮበርት ናፒየር ጦር እየተቃረበ ነበር፤ ከሕንድ የመጡት ዝሆኖችም በጀርባቸው የአርምስትሮንግን መድፍ ተሸክመው ነበር። በክሪሚያ ምክንያት የተወለዱት ሁለቱ መሣሪያዎች በአንድ ተራራ ሥር ተገናኙ።

ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. በአሮጌ ሜዳ በተደረገው ውጊያ የንጉሡ መድፎች ከፋላ ኮረብታ ቢተኮሱም አረሮቹ በእንግሊዞች ላይ ጉዳት ሳያደርሱ አለፉ። ቁልቁል የወረደው የፊታውራሪ ገብርዬ ጦር ከኋላ በሚጎርሰው በስናይደር ጠመንጃ እሳት ተመታ፤ ገብርዬም ወደቁ። ከኢትዮጵያውያን ወገን 700 ያህል ሲሞቱ፣ ከእንግሊዞች የሞቱት ሁለት ብቻ ነበሩ። ሚያዝያ 6 ቀን ንጉሡ እጄን አልሰጥም ብለው በገዛ እጃቸው ሞቱ። እንግሊዞቹ መድፎቹን ሰባብረው፣ መቅደላን አቃጥለው፣ መጻሕፍቱንና ቅርሱን ጭነው ሄዱ። ሴባስቶፖል ግን ክብደቱ ጠባቂ ሆኖት በአምባው ላይ ቀረ።

መድፍ ሠሪዎቹም ተበተኑ። ቫልድማየር ወደ ሊባኖስ ሄዶ በ1873 እ.ኤ.አ. በብሩማና ትምህርት ቤት አቋቋመ፤ በስተ እርጅናውም በአስፉሪዬ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል መሠረተ። የመድፍ ምድጃ ያነደደ እጅ ትምህርት ቤትና ሆስፒታል ሲሠራ ዕድሜውን ጨረሰ። ሞሪትዝ ሃል ከኢትዮጵያዊት እናት ከምትወለደው ከሚስቱ ከካታሪና ጋር ወደ ያፋ ሄደ። በዚያ የመከራ ወቅት የተወለደችው ልጃቸው በመቅደላ ስም ማግዳሌና ተባለች፤ የታወቀው የእንግሊዝ ተዋናይ ፒተር ኡስቲኖቭ የእርሷ የልጅ ልጅ ነው። ሙያው ከሠሪዎቹ ጋር ባሕር ተሻገረ፤ በጋፋት ግን ምድጃው ቀዘቀዘ።

ከዚያ በኋላ መድፍ የሚገኘው ከምድጃ ሳይሆን ከስጦታና ከገበያ ሆነ። ናፒየር ሲመለስ ለትግሬው ደጃዝማች ካሣ ምርጫ 12 መድፎችና ሞርታሮች ከብዙ ጠመንጃ ጋር ሰጠ፤ ካሣም በሐምሌ 1863 ዓ.ም. ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስን አድዋ ላይ ድል አድርገው ዐፄ ዮሐንስ ተባሉ። የሸዋው ምኒልክም ባለ ሙያ ይሹ ነበር። በ1871 ዓ.ም. አንኮበር የደረሰውን ስዊዛዊ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግን ጫማ ሥራልኝ፣ ከዚያም ጠመንጃ ሥራልኝ ብለው እንደ ፈተኑት ይነገራል። ኢልግ ሁለቱንም ሠራ፤ ነገር ግን ጠመንጃውን ከውጭ መግዛት እንደሚሻል አስረዳ። ምክሩ በዘመኑ ትክክል ነበር። በ1879 ዓ.ም. ፈረንሳዊው ባለ ቅኔ አርቱር ራምቦ 2,000 ያህል አሮጌ ጠመንጃ አስጭኖ ከጉለሌ በላይ ወዳለው ወደ እንጦጦ የመጣው በዚህ ገበያ ነው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በአድዋ ድል የተገኘውም በአመዛኙ ከውጭ በተገዛና በተማረከ መሣሪያ ነው።

ነገር ግን የገበያው መንገድ አንድ ጥያቄ ሳይመልስ አለፈ። ኢትዮጵያ ብረት ሠሪ አጥታ አታውቅም። ማረሻውን፣ ማጭዱን፣ ጦሩን፣ የጠመንጃውንም ጥገና የሚሠራው የአገሩ ቀጥቃጭ ነበር። በቀን ማረሻ የሚያሳድስበት ገበሬ በማታ «ቡዳ» እያለ ይሸሸው፣ መሬትና ጋብቻም ይነፍገው ነበር። አንጥረኛው፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ሸማኔው በአንድ ስድብ ሥር ይኖሩ ነበር። ምኒልክ ከእንጦጦ ወርደው አዲስ አበባን በቈረቈሩ ጊዜ ከተማይቱ ያለ እነዚህ እጆች አልቆመችም፤ ከተራራው ግርጌ በጉለሌና በቀጨኔ የሰፈሩት ባለ እጆች ጋኑንና ጀበናውን፣ ሸማውንና ማረሻውን እየሠሩ ከተማይቱን አገለገሉ። ንጉሠ ነገሥቱም በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አወጡ። አዋጁ ያስፈለገው ስድቡ አገር የሚጎዳ በሽታ መሆኑ ስለ ታወቀ ነው፤ ይሁን እንጂ በአዋጅ የተከለከለ ንቀት በአንድ ቀን አይጠፋም።

ጋፋት የወደቀችው መድፏ መጥፎ ስለ ነበረ ብቻ አይደለም። ሙያው በንጉሡ ጉልበት ከላይ ተተከለ እንጂ ከታች ካለው ቀጥቃጭ ክብር ጋር አልተጋባም። ለፈረንጁ አቅላጭ በቅሎና የክብር ልብስ ሲሸለም፣ ለአገሩ ቀጥቃጭ የነበረው ስም ያው የቀድሞው ስድብ ነበር። የአርምስትሮንግ ማምረቻ ባለቤቱ ከሞተ በኋላም ለመቆየት የቻለው ሙያው ከአንድ ሰው ትከሻ ወርዶ በብዙዎች እጅ ስለ ተያዘ ነው። በጋፋት የተማረው ወጣት ግን የተማረውን ይዞ የሚቀመጥበት ወንበር፣ የሚጠራበትም የክብር ስም አልነበረውም። ዐፄ ቴዎድሮስ የዘመናቸው ሰው ያላየውን አይተዋል፤ መሣሪያ የሚገዛ አገር ሁልጊዜ የሻጩን ፊት እንደሚያይ ተረድተዋል። ሥራው ሳይፈጸም የቀረው፣ መሣሪያን የሚሠራ አገር አስቀድሞ ሠሪውን ማክበር እንዳለበት ስላልታወቀ ነው። ነሐስ በእሳት ይቀልጣል፤ ንቀት የሚቀልጠው ግን ትውልድ በሚፈጅ ሥራ ነው።