የተበተነው ሸክላ ሲሰበሰብ

ጎንደር፣ አዘዞ ገበያ አካባቢ ሚሞሪ ካርድ ላይ ዘፈን የሚጭኑ ሱቆች አሉ። ከጦር ሰፈሩ የወጣ ወታደርም፣ እህል አራግፎ የሚመለስ ሹፌርም ካርዱን አውጥቶ «የድሮ ምርጥ ጫንልኝ» ይላል፤ እስኪሞላ ይጫንለታል። ዘፋኙን በድምፁ ይለየዋል። ሳክስፎኑን የነፋው፣ ዜማውን ያቀናበረው ማን እንደሆነ ግን የጫነውም ያስጫነውም አያውቅም። የእህቴ ልጅ ከነዚህ ሱቆች ካርዱን አስሞልቶ መጣና ጠረጴዛዬ ላይ የተደረደሩትን ሲዲዎች አይቶ «ጋሼ፣ ሁሉም ስልኬ ላይ እያለ ስብስብ መግዛት ምን ያደርግልዎታል?» አለኝ። ይህ ጽሑፍ ለእሱ የምሰጠው መልስ ነው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በውጭው ዓለም የሮክ ባንዶች ስብስብ አልበም የሚታማው ያለ ነገር አይደለም። እንግሊዝ ወይም አሜሪካ ያለ ባንድ አስቀድሞ ሙሉ አልበም ያወጣል። አሳታሚው ከየአልበሙ ታዋቂ ታዋቂውን እየነቀለ «ምርጥ» ብሎ ሲያወጣ፣ አልበሞቹን የያዘ ሰው ለአንድ ዕቃ ሁለት ጊዜ ይከፍላል። እኛ ዘንድ ግን መጀመሪያውኑ አልበም የሚባል ነገር አልነበረም ማለት ይቻላል።

የአማርኛ ዘፈን ለመጀመሪያ ጊዜ ሸክላ ላይ የወጣው በ1908 ገደማ፣ ተሰማ እሸቴ ጀርመን በሄዱበት ጊዜ ነው። ከዚያ በ1948 ሸክላ የማስገባትና የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጠ። የክብር ዘበኛና የፖሊስ ኦርኬስትራዎች ጥላሁን ገሠሠን፣ ማሕሙድ አሕመድን፣ ዓለማየሁ እሸቴን የመሳሰሉትን ሲያፈሩ የግል አሳታሚ አልነበረም። በ1969 ወጣቱ አምሃ እሸቴ ክልከላውን ጥሶ «አምሃ ሪከርድስ»ን አቋቋመ፤ የዓለማየሁን ዘፈን አስቀድሞ አወጣ። ሸክላዎቹ የሚታተሙት በህንድ፣ በኋላም በሊባኖስ ነበር። እስከ 1975 ድረስ ያወጣው 103 ትናንሽ ሸክላና 12 አልበም ነው። ትንሿ ሸክላ በአንድ ገጽ አንድ፣ በሌላው ገጽ አንድ ዘፈን ብቻ ትይዛለች። እንግዲህ ያ ዘመን ከነውበቱ በሁለት በሁለት ተበትኖ የቀረ ነው። ደርግ መጣ፤ አምሃ አሜሪካ ገባ፤ ሸክላዎቹም በየሳሎኑና በየቡና ቤቱ ተጭረው አለቁ።

ከዚያ ካሴት ሆነ። እኔ ያደግሁት በካሴት ነው። የምንወደውን ዘፈን በወረቀት ጽፈን፣ ባዶ ካሴት ይዘን ሙዚቃ ቤት እንሄድና እናስቀዳለን። ያም ስብስብ ነበር፤ ግን የስልሳ ደቂቃ ካሴት በአንድ ገጽ የሚይዘው ሠላሳ ደቂቃ ብቻ ነው። አንዱ ሙዚቃ ቤት የቀዳልኝ ትዝታ ሳክስፎኑ መሪውን ዜማ ይዞ ሊወጣ ሲል ይቆረጥ ነበር። የዚያን ዘፈን መጨረሻ የሰማሁት ካደግሁ በኋላ ነው። እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

የካሴቱ ዘመን የባንዶችም ዘመን ነበር፤ በሰዓት እላፊ ውስጥ ዋልያስ ባንድ በሂልተን ሆቴል ይጫወታል፤ አይቤክስ በኋላ ሮሃ ሆኖ ስንቱን ዘፋኝ አጅቧል። በሽፋኑ ላይ ግን ፎቶው የዘፋኙ ነው። የባንዱ ስም ቢኖርም በትንሹ፣ የተጫዋቾቹ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የለም። ግርማ በየነን ተመልከቱ፤ የስንቱን ዘፈን አቀናባሪ፣ ፒያኖ ተጫዋች ሆኖ በራሱ ድምፅ ያስቀረጸው ጥቂት ነው። በ1981 ከዋልያስ ጋር አሜሪካ ሄዶ እዚያው ቀረ፤ ነዳጅ ማደያ ውስጥም ሠራ።

ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ በ1990ዎቹ መጨረሻ የጀመረው «ኢትዮፒክስ» ተከታታይ ለእኔ ትልቅ የሆነብኝ ለዚህ ነው። የተበተነውን ሰብስቦ፣ ዘፈኑ መቼ እንደተቀረጸ፣ ማን እንዳቀናበረው በሚነበብ ጽሑፍ አያይዞ አወጣው። አራተኛው ቅጽ የሙላቱ አስታጥቄ ነው፤ በ2005 የጂም ጃርሙሽ ፊልም ሙዚቃውን ከተጠቀመ ወዲህ ዓለም ሁሉ አወቀው። ሠላሳኛው በ2017 የወጣው የግርማ በየነ ነው፤ አካለ ውቤ ከተባለው የፈረንሳይ ባንድ ጋር፣ ስሙ ከፊት ተጽፎ።

ለጎንደር ሰው ግን ከሁሉ የሚቀርበው ሁለቱ ነው። አሥራ አራተኛው ቅጽ የጌታቸው መኩሪያ ነው። ሽለላና ፉከራን በሳክስፎን ያወጡት እሳቸው ናቸው፤ በሠርግና በበዓል ፉከራ እየሰማ ያደገ ሰው ያለ ግጥም፣ በትንፋሽ ብቻ ሲፎከር ሲሰማ ጸጉሩ ይቆማል። የኔዘርላንዱ የሮክ ባንድ «ዘ ኤክስ» በ2004 አምስተርዳም ለ25ኛ ዓመቱ ጋበዛቸው፤ በ2006 «ሞአ አንበሳ»ን አብረው ሠሩ። ስለ ሮክ ባንድ ከተነሳ ከዚህ የሚበልጥብኝ የለም፤ የኤሌክትሪክ ጊታሩ ከፉከራው ሥር ሆኖ እንደ አጀብ ይከተላቸዋል።

ሃያ አንደኛው የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ፒያኖ ነው። እማሆይ በ1960ዎቹ ጎንደር ሆነው የቅዱስ ያሬድን ዜማ ሲያጠኑ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲመላለሱ፣ የቆሎ ተማሪዎች ለምነው ሲበሉና ደጅ ሲያድሩ ያያሉ። በጀርመን የታተመው የመጀመሪያ ሸክላቸው ገቢ ለእነሱ መርጃ እንዲሆን ታስቦ ነበር። በተለያየ ጊዜ በትንሽ ቁጥር የታተሙት ሥራዎቻቸው በ2006 በአንድ ሲዲ ባይሰበሰቡ ኖሮ ስንቶቻችን እንሰማቸው ነበር?

ይህ ማለት ግን ስብስብ የተባለ ሁሉ ይገዛል ማለት አይደለም። ዋልያስ በ1977 ያወጡት «ቼ በለው» ሙሉ አልበም ነው፤ ተነቅሎ አንድ ዜማ ብቻ ሲሰማ የኃይሉ መርጊያ ኦርጋን ከየት ተነስቶ የት እንደደረሰ አይታወቅም። ጃኖ ባንድ ቢል ላስዌል ፕሮዲውስ ያደረገውን «ኤርታሌ» ሲያወጡም እንደ አንድ ሥራ ነው ያሰቡት። እንዲህ ያለውን ሙሉውን ግዛ። የተጫዋች ስም፣ የተቀረጸበት ዓመት የሌለበትን «ምርጥ» ደግሞ በነጻም አትውሰድ፤ ሚሞሪህ ላይ ያለው እሱ ራሱ ነው።

የእህቴ ልጅ አሥራ አራተኛውን ቅጽ ይዞ ሄዷል። በማግስቱ ደውሎ የጠየቀኝ ስለ ጌታቸው አልነበረም፤ ከኋላ ከበሮውን የሚመታው ማን ነው ብሎ ነው።