የጓሮ ዶሮ ታሪክና የክረምት መግቢያ ወግ

የታሪክ ጸሐፊዎች ስለ ፈረስና ስለ በቅሎ፣ ስለ ሰንጋና ስለ ላም ብዙ ጽፈዋል። ፈረስ ጌታውን ወደ ጦር ሜዳ አድርሷል፤ በሬ ምድሩን አርሶ አገር መግቧል፤ ስለዚህ ስማቸው በታሪክ ቢነሣ የሚገባቸው ነው። ነገር ግን በቆጥ ላይ አድራ፣ ጎሕ ሲቀድ ወርዳ፣ ቀኑን ሙሉ ጓሮውን ስትጭር የምትውለው ዶሮ ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ ለድኻው ቤት የቀረበች ሆና ሳለች ታሪኳን የሚጠይቅላት እምብዛም አልተገኘም። ምክንያቱም ሩቅ አይደለም። ፈረሱ የባላባቱ፣ በሬው የአራሹ ሀብት ሲሆን፣ ዶሮ የቤት እመቤቲቱ ሀብት ስለ ሆነች፣ ታሪኳ ከብራና ይልቅ በሴቶች አፍ ሲነገር ኖሯል።

ይህ የሴቶች ወግ ዓመቱን ሙሉ ባይቋረጥም እጅግ የሚበረታው ክረምት ሲቃረብ ነው። በባሕረ ሐሳብ ቀመር ክረምት የሚገባው ሰኔ 26 ቀን ሲሆን የሚወጣው መስከረም 25 ቀን ነው። ሰማዩ መዳመን ሲጀምር ጎረቤታሞች በቡና ዙሪያ ተሰብስበው ስለ ማገዶው፣ ስለ ጣራው ክዳን፣ ስለ ልጆቹም ሲጫወቱ ነገሩ ዞሮ ዞሮ ከዶሮ ላይ ይወድቃል። «እትዬ፣ ታቃፊዋን አስቀመጧት?» ብላ ታናሺቱ ስትጠይቅ፣ «ምኑን አስቀምጣታለሁ ልጄ፣ ሰኔ ገብቶ! ጫጩቱን ለብርድና ለሸለምጥማጥ ላስፈልፍል?» ስትል ታላቂቱ ትመልሳለች። ይህን የሰማ መንገደኛ የሥራ ፈት ጨዋታ ይመስለው ይሆናል። ዳሩ ግን ነገሩን ጠለቅ ብሎ ለመረመረው ወጉ ከእናት ወደ ልጅ ሲተላለፍ የኖረ ትምህርት ነው።

ዶሮ ከሰው ጋራ መኖር የጀመረችው በደቡብ ምሥራቅ እስያ ነው። የዘሯ መነሻም በዚያ አገር ጫካ የሚኖረው ቀይ የዱር ዶሮ ነው። ተመራማሪዎች እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2022 ባወጡት ጥናት፣ በታይላንድ ባን ኖን ዋት በተባለ ስፍራ የተገኘው የለማዳ ዶሮ አጥንት ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ1650 እስከ 1250 ባለው ዘመን ውስጥ የሚመደብ መሆኑን ገልጠዋል። ወፊቱን ከጫካ አውጥቶ ወደ መንደር ያቀረባትም የሩዝና የዘንጋዳ እርሻ መስፋፋት እንደ ሆነ ያስረዳሉ። እንግዲህ ዶሮን ከሰው ጋራ ያወዳጃት እህል ነው ማለት ነው። አባቶቻችን «ዶሮ ብታልም ጥሬዋን» ሲሉ ይህን ጥናት ሳያነቡ ፍሬ ነገሩን አግኝተውታል።

ወደ አገራችን የገባችውም እጅግ በጥንት ዘመን ነው። በምሥራቅ ትግራይ፣ መዝብር በተባለው ጥንታዊ መንደር በተደረገው ቁፋሮ የዶሮ አጥንት ተገኝቶ፣ ዕድሜው ከክርስቶስ ልደት በፊት ወደ 800 ዓመት ገደማ እንደሚደርስ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2016 ታትሟል። ይህም አክሱም ገና ታላቅ ከተማ ሳትሆን ማለት ነው። በዚያ ዘመን በቀይ ባሕር በኩል ይደረግ የነበረው የንግድ ግንኙነት ዶሮን ወደዚህ ካመጡት መንገዶች አንዱ ሳይሆን እንደማይቀር ሊቃውንቱ ያመለክታሉ። በግዕዝ «ዶርሆ»፣ በትግርኛ «ደርሆ»፣ በአማርኛ «ዶሮ» መባሏም በቤታችን የቆየች ለመሆኗ አንድ ምስክር ነው። በ1512 ዓ.ም. ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋራ መጥቶ 6 ዓመት ያህል የቆየው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝም በጉዞ መጽሐፉ ውስጥ ዶሮን ደጋግሞ ያነሣል።

ይህን ያህል ዘመን ከእኛ ጋራ የኖረችው ወፍ በየዓመቱ የምትፈተነው በክረምት ነው። በአውሮፓና በአሜሪካ ዶሮ አርቢዎች በክረምታቸው መግቢያ የሚጨነቁት ስለ ቀኑ ማጠር ነው። የብርሃኑ ሰዓት ሲያንስ ዶሮ ዕንቁላል መጣሏን ታቆማለችና፣ በቤቷ ውስጥ መብራት እስከ ማብራት ይደርሳሉ። በአዲስ አበባ ግን በረጅሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት 1 ሰዓት ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ የእኛ ዶሮ ፈተና የብርሃን ማነስ አይደለም፤ የጎተራው መጉደል፣ የምድሩ መርጠብና በሽታ ነው።

በሰኔ እህሉ ከጎተራ ወደ ማሳ ይወጣል። ለሰው ያነሰ እህል ለዶሮ አይተርፍም። ዘሩም በተዘራ ጊዜ ዶሮ ጭራ እንዳታወጣው ትታሰራለች ወይም ትዘጋለች፤ አለዚያ የአንዲቱ ዶሮ ለሁለት ጎረቤታሞች ጠብ ምክንያት ትሆናለች። በሐምሌና በነሐሴ ቡቃያው አድጎ ጓሮውን ሲከብበው ለሸለምጥማጥ መደበቂያ ይሆናል። ብልኋ እመቤት ዶሮዋን በጥቅምትና በኅዳር ለማስታቀፍ የምትመርጠው ይህን ሁሉ አስባ ነው። መሬቱ ይደርቃል፣ አውድማው ይሞላል፣ ጫጩቱም ከ21 ቀን በኋላ ሲፈለፈል የሚለቅመው አያጣም።

ገበያውም የራሱ ጊዜ አለው። የሐዋርያት ጾም ሐምሌ 5 ቀን ሲፈታ ገበያው ጥቂት ይነቃቃል፤ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ቀን ባለው የፍልሰታ ጾም ደግሞ ዶሮና ዕንቁላል ፈላጊ ያጣሉ። ከዚያ በኋላ የዕንቁጣጣሽ ገበያ ይደርሳል። ለ12 ብልት የሚበቃ አውራ ዶሮ የሚፈለገው ያን ጊዜ ነው። ልጆች ትምህርት ቤት የሚገቡትም በዚያው በመስከረም ነው። ስለዚህ በሰኔ 8 ዶሮ ያላት እናት ስታወራ የምትቆጥረው ላባቸውን አይደለም፤ ደብተሩን፣ ጨውና ዘይቱን፣ የበዓሉን ልብስ ነው። ከሰኔ እስከ ጳጉሜን ያለችውን ጥቂት ጊዜ ዶሮዎቿ በሕይወት ከተሻገሩላት ዓመቱ ይቃናል፤ ካልተሻገሩላት ግን ባዶ እጇን ትቀራለች።

ባዶ እጇን የሚያስቀራት ዋናው ጠላት ፈንግል ነው። ይህ በሽታ ከበጋው መውጫ እስከ ክረምቱ ባለው ጊዜ በበረታ ቁጥር ከአንድ መንደር ዶሮ የሚባል እስኪጠፋ ያደርሳል። የታመመችው ዶሮ ታንቀላፋለች፤ አረንጓዴ ኩስ ትጥላለች፤ አንገቷም ይጠመዘዛል። ዓለም በሽታውን ለይቶ ያወቀው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1926 በጃቫ ደሴትና በእንግሊዝ አገር በኒውካስል ከተማ በተነሣ ጊዜ ሲሆን፣ ስሙንም ከዚያች ከተማ ወስዷል። እናቶቻችን ነጭ ሽንኩርት፣ ሎሚ፣ ፌጦና አረቄ ሞክረዋል፤ ነገር ግን ፈንግል አንዴ ከገባ በኋላ የሚያድነው መድኃኒት የለውም። ከዚህም የከፋው፣ አንዲት ዶሮ ስታንቀላፋ ያዩ ሰዎች የቀሩትን ሳይሞቱ ለመሸጥ ወደ ገበያ ሲሮጡ በሽታው አብሯቸው ተጉዞ ወደ ገዢው መንደር መግባቱ ነው። ድህነት ያስቸኮላት ሻጭ ሌላዋን ድኻ ታጠፋለች።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1950ዎቹ በጅማና በዓለማያ የእርሻ ትምህርት ቤቶች የውጭ ዘር ዶሮ ማርባት በተጀመረ ጊዜ ታላቅ ተስፋ ተጥሎ ነበር። የአገር ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 ዕንቁላል ስትጥል፣ ነጭ ሌግሆርን የተባለችው በደኅና አያያዝ ከ200 የሚበልጥ ትጥላለችና። ይሁን እንጂ ያች የውጭ ዶሮ መታቀፍን የተወች ናት፤ ጭራ ማደሩንም እንደ አገሬዋ አታውቅበትም። ስለዚህ ቀይዋና ጥቁሯ፣ ገብስማዋና አንገተ መላጣዋ ከጓሮው አልወጡም፤ ዛሬም በአገሪቱ ካሉት ዶሮዎች አብዛኞቹ የአገር ዘር ናቸው።

ፈንግልን የሚከላከል ክትባት ግን አለ። በአውስትራሊያ ለመንደር ዶሮ ታስቦ የተዘጋጀውና አይ 2 የሚባለው ክትባት ከሌሎቹ ይልቅ ሙቀት ይችላል፤ መርፌም ሳይሻ በዶሮዋ ዓይን ላይ አንድ ጠብታ በማድረግ ይሰጣል፤ በየ3 ወይም በየ4 ወሩም ይደገማል። በቢሾፍቱ የሚገኘው የእንስሳት ክትባት የሚያዘጋጀው ብሔራዊ ተቋምም ሙቀት የሚችለውን የፈንግል ክትባት ያመርታል። ሆኖም አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮዎች የሚበቃ ሲሆን፣ ከተበጠበጠ በኋላ ብዙ አይቆይም። 8 ዶሮ ያላት እናት ብቻዋን ብታስከፍተው የሚበዛው ይደፋል። 10 ጎረቤታሞች በአንድ ቀን ዶሯቸውን ከቆጥ ሳያወርዱ ቢጠብቁ ግን አንዱ ብልቃጥ ሁሉንም ያዳርሳል።

እንግዲህ ያ የቡና ላይ ወግ ዋጋው ከዚህ ላይ ይታያል። ጥንት አውራ ዶሮ ተበዳድረው፣ ለማስታቀፍ ዕንቁላል ተለዋውጠው፣ ዶሮ አጥታ ለቀረችው ጎረቤት አንዲት ቄብ ሰጥተው ጫጩቱን እኩል የተካፈሉ ሴቶች ናቸው ይህን ዘር 2800 ዓመት ያህል ያሻገሩት። ፈንግል ቤቱን ባራቆተው ጊዜ መንደሩን እንደገና ያቋቋመው ይኸው መተሳሰብ ነው። ዛሬም የክትባቱን ቀን የሚቆርጠው፣ «በእነ እትዬ ቤት አንዲት ዶሮ አንቀላፋች፤ ገበያ አትውጡ» የሚለውን ቃል ቶሎ የሚያደርሰው ከዚህ ወግ የተሻለ መልእክተኛ የለም።

ስለዚህ የእንስሳት ሐኪሙም ሆነ የልማት ሠራተኛው በግንቦትና በሰኔ ወደ መንደር በወረደ ጊዜ አስቀድሞ ጆሮውን ለዚህ ወግ ቢሰጥ ሥራው ይቀናለታል። እኛም ዕንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል እያልን ስንተርት፣ ዕንቁላሉ እግር እስኪያወጣ ድረስ ክረምትን ከክረምት እያሻገሩ የጠበቁትን እጆች ልናስባቸው ይገባል።